የደጁ ቦይና የአረፋ ፈቃድ

(ዐረብ አገር፣ ዳማድ፤ የአሠሪያቸው የከፊሉ ግቢ። ዝናብ በመጣ ቁጥር ጎርፍ ደጁን ያጥለቀልቃል፤ የከፊሉ እናት ሐጃም አንሸራትቷቸው ወድቀዋል። ሁለት የወሎ ሰዎች ቦይ እየቆፈሩ ነው፤ ማለትም ዘይኑ ይቆፍራል፣ ኑሩ አካፋውን ተደግፎ ቆሟል። ለአረፋ አገር ቤት እንዲሄድ የሚፈቀድለት አንዳቸው ብቻ ነው። ዘይኑ የማን ስም እንደሚጠራ ቅንጣት አልተጠራጠረም።)

ኑሩ፦ እኔ እንጃ፤ ቦዩ ወደ በሩ ቢሄድ አይሻልም?

ዘይኑ፦ ከበሩ የምናባርረውን ውሃ?

ኑሩ፦ እንደ ሰው በበር ይውጣ ብዬ ነዋ።

ዘይኑ፦ ያ ረቢ! ውሃ የሚያውቀው ቁልቁል ነው። ወደ ማንጎው ይወርዳል፣ ደጁ ይደርቃል።

ኑሩ፦ ቁልቁሉ በየት በኩል ነው?

ዘይኑ፦ የቆምክበት!

(ኑሩ እግሩን አየ። ፈቀቅ ብሎ ቆመ።)

ኑሩ፦ አሁንስ?

ዘይኑ፦ ኸላስ፣ ተወው! ሲሚንቶውን አቡካ።

ኑሩ፦ ውሃ ይግባበት?

ዘይኑ፦ ወተት አድርግበት!

ኑሩ፦ የየትኛዋን ፍየል?

(ዘይኑ ሲሚንቶውን ራሱ አቦካ። እንዳያንሸራትት ደረጃውን በመጥረጊያ ጫረው፤ ለሐጃ መያዣ ብረት ተከለ፤ ከበሩ በላይ አምፖል ሰቀለ። ኑሩ መሰላል ያዝልኝ ቢባል መሰላሉን ይዞ ወደ ጥላ ሄደ።)

ዘይኑ፦ አንተን ሳይህ አንጀቴን ትበላኛለህ። ሙያ የሌለውን ሰው ማን ያየዋል? እኔ በአረፋ የልጄን ኒካሕ አገር ቤት ተገኝቼ ነው የማየው፤ ሥራዬ ይናገራል።

ኑሩ፦ አብሽር። ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው።

(ከአስር ሶላት በኋላ ዝናቡ ወረደ። ጎርፉ ደጁን ሳይነካ በቦዩ ወደ ማንጎው ነጎደ። ሐጃ ብረቱን ይዘው ወጡ፣ ወረዱ፣ መረቁ። ዘይኑ ደረቱን ነፍቶ ወደ ከፊሉ ሄደ፤ አንገቱን ደፍቶ ተመለሰ።)

ኑሩ፦ ምን አለህ?

ዘይኑ፦ «ማሻአላህ! አንተማ ዋና ባለሙያ፣ ሙዐሊም ነህ!» አለኝ።

ኑሩ፦ ታዲያ ደግ አይደል?

ዘይኑ፦ «እንዳንተ ያለውን ለቅቄማ እንዴት እሆናለሁ? የወንድሜም ደጅ ጎርፍ ይገባበታል፣ የአማቴም። ያ ምንም የማያውቀው ይሂድ፤ ቢሄድም አያጎድልብኝም» አለ።

(ኑሩ አካፋውን አስረከበው።)

ኑሩ፦ ለልጅህ የምትልከው ካለ ዛሬውኑ እሰረው።

ዘይኑ፦ ቁልቁልና ዳገት የማትለይ ሰውዬ!

ኑሩ፦ አምና እለይ ነበር። አንተ ገና ጂዛን ሳለህ፣ ለአረፋ ልሄድ ጓዜን አስሬ፣ የከፊሉን የቆመ የጉድጓድ ሞተር አስነሳሁለት። «ሙዐሊም» ብሎ አስቀረኝ።

ዘይኑ፦ ከዚያስ?

ኑሩ፦ ከዚያ ወዲህማ ውሃ ወዴት እንደሚወርድ ጠፋኝ።