የታሪክ ትምህርት ክፍል ድርሻ

አንባቢ ሆይ፣ ምን እንደሚካፈል ሳይጠይቅ «ድርሻዬ የታለ?» የሚል ሰው አጋጥሞዎት ያውቃል? ወረታ በማስተምርበት ትምህርት ቤት ይህ ሰው የታሪክ መምህሩ ጋሽ አያሌው ናቸው።

የተማሪዎች ውጤት ያለው በአንድ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነበር። እኔም ትርፍ ሃርድ ዲስክ አገኘሁና «የድሮ ክፍፍሉን አፍርሼ አንድ ላድርገውና የውጤቱን ቅጂ ላስቀምጥበት» አልኩ። ክፍፍል ማለት ዲስኩን እንደ ማሳ መሸንሸን መሆኑንም አስረዳሁ። ምነው ባላስረዳሁ!

«እንግዲያው ለየትምህርት ክፍሉ እኩል ይሸንሸን!» አሉ ጋሽ አያሌው። ወዲያው ኮሚቴ ተመረጠ፤ ድንበሩ እስኪጸድቅም ዲስኩን ማንም እንዳይነካ ተባለ።

የድንበሩን ንድፍ ሳቀርብ ጋሽ አያሌው ተቆጡ። «ሒሳብ ለምን ከፊት ተሰጠው? እኛን ረግረጉ ላይ ልትጥለን ነው፣ አንተ ልጅ?»

«ጋሼ፣ ዲስክ እኮ ረግረግ የለውም።»

«ፎገራ ተወልጄ ረግረግ የሌለው ሜዳ አላየሁም!»

ድንበሩ በጭብጨባ በጸደቀ ማግስት፣ መብራት ሄዶ ሲመለስ አሮጌው ኮምፒውተር በውስጡ ካለው ዲስክ ጋር ተቃጠለ። የተሸነሸነው ትርፍ ዲስክ ገና ባዶ ነበርና የልጆቹ የዓመት ውጤት አብሮ ጠፋ። ሁላችንም አንገታችንን ደፍተን ሳለ ጋሽ አያሌው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«የእኛ ድርሻ ግን አልተነካም፣ አይደል?»