ሽቅብ ማረፊያ

(ከካትማንዱ ወደ ተራራ መንደር የሚበር ትንሽ አውሮፕላን ውስጥ። ካፒቴን ሩድራማን ሃያ ዓመት ትልልቅ ጄት አብርሮ ጡረታ የወጣ ነው፤ ዛሬ ለተራራ በረራ ይፈተናል። ረዳቱ ፉርባ የተራራ ልጅ ነው፤ ያክ ከምትባል የተራራ ላም ወተት የተሠራ ደረቅ አይብ ያኝካል።)

ሩድራማን፦ ትፋው አልኩህ!

ፉርባ፦ የያክ አይብ እኮ አይተፋም ካፒቴን። ከጠዋት ጀምሬው ገና አልለሰለሰም።

ሩድራማን፦ ከኔ ጋር የበረሩ ረዳቶች ማስቲካ እንኳ አያኝኩም ነበር! ዛሬ አሳምሬ ካላሳረፍኩ መንደሩ ላይ የሚጠብቀን አለቃ ጊሚሬ አይፈርምልኝም። ካልፈረመ ደግሞ ቤት ቁጭ ብዬ የሚስቴን እህት ወሬ ማዳመጥ ነው። ገባህ?

ፉርባ፦ ገባኝ። ብዙ ታወራለች?

ሩድራማን፦ ዝም ብለህ ተማር! ትልቁ ጄት ሲያርፍ አፍንጫውን ቀና ታደርግለታለህ፣ ሞተሩን ትቀንሳለህ፤ ራሱ ተንሳፎ ቁጭ ይላል። ባለ ፕሮፔለሩን ግን ቀደም ብለህ ከቀነስክበት እንደ ሩዝ ጆንያ ዱብ ነው። አሮጌው ባለ ጅራት ጎማ ደግሞ አመለኛ ነው፤ መሬት ነካሁ ብለህ ከተዘናጋህ ዞሮ በመጣበት ልሂድ ይላል።

ፉርባ፦ የኛውስ?

ሩድራማን፦ ይሄማ መጫወቻ ነው!

ፉርባ፦ የጠየቅኩት የምናርፍበት ሜዳ ዳገት ስለሆነ ነው። ጎማው መሬት ሲነካ ሞተሩን ይጨምሩለታል አይደል?

ሩድራማን፦ (ከት ብሎ ይስቃል) አርፌ ልጨምር? ልረፍ ነው ወይስ ልነሳ? ለመሆኑ ላንተ ፈቃድ የሰጠህ ማነው?

ፉርባ፦ አለቃ ጊሚሬ ናቸው።

ሩድራማን፦ ሰውዬው ጃጅቷል ማለት ነው።

ፉርባ፦ ካልጨመሩ እኮ መሃል ላይ...

ሩድራማን፦ እጅህን ሰብስብ! አንድ ነገር እንዳትነካ!

(ሜዳው ላይ ሳይረን ይጮሃል፤ ሰዎች ፍየሎቻቸውን እየነዱ ይወጣሉ። አውሮፕላኑ ቀስ ብሎ ያርፋል። ሩድራማን ሞተሩን ይቀንሳል።)

ሩድራማን፦ አየህ? እንቁላል ብትጭን አይሰበርም!

ፉርባ፦ እውነት ነው። ግን ቆምን።

ሩድራማን፦ ካረፍን ልንቆም ነዋ!

ፉርባ፦ ተሳፋሪ የሚወርደው እኮ ዳገቱ ጫፍ ላይ ነው። አሁን ደግሞ... ወደ ኋላ እየሄድን ነው ካፒቴን።

ሩድራማን፦ ምን?! ፍሬን! ፍሬን!

(አውሮፕላኑ ወደ ኋላ ተንሸራቶ ከሜዳው ዳር ጭቃ ውስጥ ይሰምጣል። ሞተሩ ይጠፋል። ተሳፋሪዎች ወርደው፣ ከላይ እየሮጡ የመጡ ሰዎችም ተጨምረው መግፋት ይጀምራሉ። ሩድራማን አንገቱን ደፍቶ ከመሃላቸው ይገፋል። ፉርባ ውስጥ ሆኖ መሪውን ይዟል፤ አንገቱን በመስኮት አውጥቷል።)

ሩድራማን፦ (እያለከለከ) ፉርባ! ለጊሚሬ በሬዲዮ ንገረው! ሞተሩ ከድቶን ነው፣ ካፒቴኑ ጥፋት የለበትም በለው!

ፉርባ፦ የሚያምኑ ይመስልዎታል?

ሩድራማን፦ ያምናል! ያ ሽማግሌ ስለ ሞተር ምን ያውቃል?

ፉርባ፦ ካፒቴን፣ ሬዲዮ እንኳ አያስፈልግም።

ሩድራማን፦ ታዲያ በምን ይስማ?

ፉርባ፦ በጆሯቸው። በቀኝዎ፣ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው የሚገፉት እሳቸው ናቸው።

ጊሚሬ፦ (ቀና ሳይል) ይግፉ ካፒቴን፣ ይግፉ። ሞተሩን እኔ ራሴ እጠይቀዋለሁ።