እስኪ በጭብጨባ!

መንግሥት የሚወድቀው እንዴት ነው? ይህን ጥያቄ ከዩኒቨርሲቲ ጀምሬ ይዤው ስዞር ኖሬአለሁ። ፖላንድ፣ ሀንጋሪ፣ ምሥራቅ ጀርመን፣ ቼኮዝሎቫኪያ፣ ቡልጋሪያ፣ ሮማንያ፤ ጦር ያላቸው፣ ሰላይ ያላቸው፣ ጎረቤት ጎረቤቱን የሚጠቁምላቸው መንግሥታት በወራት ውስጥ እንደ በሰበሰ አጥር ተከታትለው ወደቁ። መጻሕፍቱ ስለ ኢኮኖሚ ያወራሉ። ይሁን። ግን እስከ ዋዜማው ድረስ አደባባይ ወጥቶ ሲያጨበጭብ የነበረው ሰውዬስ? እሱን ምን ነካው?

ዓይነ አፋር ነኝና ሰው ከመጠየቅ መጽሐፍ መገልበጥ ይቀለኛል። መልሱ ግን እዚሁ በስደት አገራችን፣ ፓርክ ሂል ሰፈር፣ አጎቴ ሳሎን ውስጥ ተቀምጦ ነበር። አጎቴ ጋሼ ከበደ ያን ጊዜ በሮማንያ ዋና ከተማ በቡካሬስት ተማሪ ነበሩ። ከመጨረሻዎቹ ሰልፎች በአንዱ ቆመው ሲያጨበጭቡ ነበር።

«ከፊቴ ያለው ሰውዬ እጁን ኪሱ ከተተ» አሉኝ።

«በርዶት ይሆናላ።»

«አንቺ ልጅ፣ ጓንት አድርጎ ነበር እኮ! እሱን አየሁና እኔም አቆምኩ። ከኋላዬ ያለው ደግሞ እኔን አየ።»

በቃ። ስንት ወፍራም መጽሐፍ ተሸክሜ ነበር መሰላችሁ!

አሁን ዕድራችን ወደሚሰበሰብባት ከተማ፣ ወደ አውሮራ ልውሰዳችሁ። ዕድራችንን ያቋቋሙት ከደርግ የሸሹ ሰዎች ናቸው፤ ደርግን ሸሽተው ስብሰባውን ግን ይዘውት መጥተዋል። አጀንዳ ይነበባል፣ ሰብሳቢው «እስኪ በጭብጨባ!» ይላሉ፣ ቤቱ ያጨበጭባል፣ ጸደቀ። ድምፅ ቆጥረን አናውቅም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።

ባለፈው እሑድ አጀንዳው እትዬ ጽጌ ነበሩ። ሞንትቤሎ ሰፈር ብቻቸውን የሚኖሩ፣ እዚህ ልጅም ዘመድም የሌላቸው ሴት ናቸው፤ በቅርቡ ከእኛ ቤተ ክርስቲያን ወጥተው ወደ ጴንጤዎቹ ሄደዋል።

«ሃይማኖታቸውን ስለቀየሩ ከዕድሩ በክብር እንሸኛቸው» አሉ ሰብሳቢው። በክብር መሸኘት ማለት፣ ሲሞቱ አንቀብራቸውም ማለት ነው። አማርኛ ደግ ቋንቋ ነው።

«እስኪ በጭብጨባ!»

ቤቱ አጨበጨበ። እትዬ ጽጌ የተቀመጡት ከጎኔ ነው። ዞር ብዬ ሳያቸው ምን ሲያደርጉ ባገኛቸው ጥሩ ነው? ያጨበጭባሉ። የራሳቸውን ስንብት፣ ነጠላቸው ከትከሻቸው እስኪንሸራተት ድረስ ያጨበጭባሉ።

«እትዬ፣ ስለ እርስዎ እኮ ነው!» አልኳቸው በጆሯቸው።

«ሰምቻለሁ ልጄ። ታዲያ ብቻዬን ዝም ልበል?»

ጋሼ ከበደን በዓይኔ ፈለግኳቸው። መንግሥት ሲወድቅ በዓይናቸው ያዩት ሰውዬ፣ ከእኔ ሦስት ረድፍ ፊት ተቀምጠው፣ ግራ ቀኙን እያዩ ሞቅ አድርገው ያጨበጭባሉ። ለካ ያኔም ቢሆን ከፊታቸው ቀድሞ ያቆመ ሰው ነበረ። ዛሬ አቁሞ የሚያዩት ሰው የለም።

እኔ ደግሞ ፊት መቀመጥ አልወድም። ንግግርም አልችልም። ጭብጨባው ሳይበርድ ተነሣሁና፣ በወንበሮቹ መሀል አልፌ፣ ሁሉም ወደሚያየኝ ቦታ ሄጄ እጆቼን አጣምሬ ቆምኩ።