ከአማቴ ጋር ጉድጓድ ውስጥ

ጨለማ ውስጥ ምንም አይታይም የሚሉ ሰዎች ይገርሙኛል። እስቲ የት ገብተው ሞከሩት? እኔ ገብቼ አይቻለሁ፤ ያውም ከአማቴ ጋር።

ጊዜው የጣሊያን ነው። ባለቤቴ ጫካ ገብቷል። እኔ አንኮበር አጠገብ ከእናቱ ከእትዬ ዘነበች ጋር ቀረሁ። እትዬ ክፉ አልነበሩም፤ ብቻ የኔ ነገር አይጥማቸውም። አረማመዴ፣ አነጋገሬ፣ ውሃ ስጠጣ እንኳ ጉሮሮዬ ያስቆጣቸው ነበር።

አንድ ጠዋት ባንዳዎች የአርበኛ ቤተሰብ እየለቀሙ ነው ተባለ። ጎረቤታችን ባዶ የእህል ጉድጓዱ ውስጥ አስገባን። ለመተንፈሻ ትንሽ ቀዳዳ ትቶ አፉን በድንጋይ ከደነና ጭድ ከመረበት። እጄን ዓይኔ ሥር ባወዛውዝ አላየውም። ድምፅም የለ።

ስንት ሰዓት እንደቆየን እንጃ። እትዬ በሹክሹክታ፣ "አንቺ፣ ይታይሻል?" አሉኝ።

"ምኑ እትዬ?"

"ትንንሽ ሰዎች። ቀይ ጥላ ይዘው በበቅሎ ያልፋሉ። ሲያምሩ!"

በቃ፣ አእምሯቸው ተነካ አልኩ። ጥቂት ቆይቶ ግን ለኔም መጣ። መጀመሪያ ቢጫ ነጠብጣብ፣ ቀጥሎ እንደ ሙዳይ ጥለት የሚዞር ነገር፣ ከዚያ የገብስ ማሳ። ነፋስ ሳይኖር ይተኛል፣ ይነሳል። ብጨፍንም ብገልጥም ያው ነው። ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል ይባል የለ? ዓይንም የሚያየው ሲያጣ የራሱን ይፈትላል።

የማሳውን ነገር ብነግራቸው፣ "ወደኔ ዘንበል አድርጊው፣ በቅሎዎቹ ይብሉ" አሉኝ። የኔ ነገር ሲጥማቸው ያኔ የመጀመሪያው ነው።

ድንገት ከላያችን ኮቴ ተሰማ። ባንዳዎች! ትንፋሻችንን ዋጥን። ይሄኔ እትዬ ጆሮዬ ሥር ተጠግተው፣ "አንዱ ከነጥላው ወደቀ" አይሉኝም? ሞት ከራስ በላይ ቆሞ ይሳቃል? ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጠቀጠቅሁ። እሳቸውም እጄን ጨምድደው ይንቀጠቀጣሉ፤ ለካ ሳቅ ነው። ከላይ አንደኛው፣ "ጭድ ብቻ ነው፣ እንሂድ" ሲል ሰማሁ። ኮቴው ራቀ።

በማግስቱ ጎረቤታችን ከፈተልን። ብርሃኑ ዓይናችንን ወጋው። ሰዎቹም፣ በቅሎዎቹም፣ ማሳውም የሉም። እትዬ ግራ ቀኝ አማተሩ። ቆይተው እኔን አዩ። ፊታቸውን እንደ ድሮው ቋጠሩ።

ከወራት በኋላ ባለቤቴ ተደብቆ ሊጠይቀን መጣ። "እማዬ፣ ከሚስቴ ጋር ተስማማችሁ?" አላቸው።

እትዬ አንዴ ገረመሙኝ።

"ደግ ልጅ ናት" አሉት፤ "ብቻ ሳላያት ነው።"