የጋሼ መስፍን በረኛ

ሰው የማይሰበስበው ነገር የለም። አንዱ ቴምብር ይሰበስባል፣ አንዱ ቂም ይሰበስባል፣ ሌላው ፌስታል በፌስታል ውስጥ እያጨቀ «ለክፉ ቀን» ይላል። እኔ የምሰበስበውን ስነግራችሁ እንዳትስቁ፤ ወይም ሳቁ፣ እኔን የሚከፋኝ በሌላ ነው። የበረዶ ሆኪ ተጫዋቾች ፎቶ ያለባቸው፣ ከመጫወቻ ካርታ የማይበልጡ ካርዶች ናቸው፤ ያውም ተጫዋቹ በገዛ እጁ የፈረመባቸው። ባለቤቴ ባየችኝ ቁጥር «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ትላለች።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ስቶክሆልም ውስጥ ይህ ልክፍት የያዘን ሐበሾች፣ እኔ እስከማውቀው፣ ሁለት ብቻ ነበርን፤ እኔና ጋሼ መስፍን። ጋሼ በተማሪነት መጥተው፣ የውሃ መሐንዲስ ሆነው፣ ጡረታ ወጥተው፣ ብሬዴንግ ሰፈር ከባለቤታቸው ከእትዬ አስናቀች ጋር የሚኖሩ ሰው ናቸው። ነበሩ ማለት እስካሁን ይከብደኛል።

የምንገናኘው ቤተ ክርስቲያን ነው። እኔ ከኡፕላንድስ ቬስቢ በፔንደልቶግ፣ በከተማ ዳርቻው ባቡር፣ እመጣለሁ። ከአምልኮ በኋላ ሻይ ሲቀርብ ጥግ ይዘን ካርዶቻችንን እንዘረጋና ሁለት አጥቂ በአንድ ተከላካይ እንለዋወጣለን። አንድ እሑድ አንዲት እናት ከኋላችን መጡ። የተስፋ ቃል የተጻፈበት ካርድ የምናድል መስሏቸው «ለእኔም ከቃሉ ይድረሰኝ» አሉና ዐይናቸውን ጨፍነው አንዱን ሳቡ። የደረሳቸው የፊት ጥርሶቹ የወለቁ ተከላካይ ነበር። ጋሼ ፈጠን ብለው «ይጠብቅዎታል እማማ፤ ሥራው መከላከል ነው» ቢሏቸው፣ «አሜን!» ብለው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። ማን ደፍሮ ይመልሱ ይበላቸው?

የእኔ ችግር በረኛ ነበር። የምንደግፈው ቡድን ፊርማ ሁሉ ሞልቶልኝ የጎደለኝ የበረኛው ብቻ ሲሆን፣ እሱ ያለው ደግሞ ጋሼ ዘንድ ነው። ሶለንቱና በሚባለው ሰፈር፣ የልምምድ አዳራሹ በር ላይ ጢማቸው በረዶ እስኪያበቅል ቆመው ያስፈረሙት ነው። ብለምን፣ ምርጥ ምርጦቼን ብደረድር፣ ወይ ፍንክች! «አንተ ልጅ፣ በረኛ የሚወጣው መቼ እንደሆነ ታውቃለህ» ይሉኛል። ሆኪ ለማታውቁ ላስረዳ፤ ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ እየተሸነፈ ያለ ቡድን በረኛውን አስወጥቶ በምትኩ አጥቂ ይጨምራል። ጎሉ ባዶውን ይቀራል። የጨነቀው ሰው ዘዴ ነው፤ አንዳንዴ ይሠራል፣ አብዛኛውን ጊዜ አይሠራም።

ቅጠል ሲረግፍ ጋሼ ታመሙ። ሐበሻ መቼም በሽታን በስሙ አይጠራም፤ እትዬ አስናቀች «ትንሽ ሆዱን አሞት ነው» አሉን፣ እኛም እንዳመነ ሰው ራሳችንን ነቀነቅን። ሐኪሙ ግን ስዊድናዊ ነውና ጋሼን አስቀምጦ ቁርጡን ነግሯቸው ኖሯል። እናም እኛ ከእሳቸው ስንደብቅ፣ እሳቸው እንዳናዝን ብለው ከእኛ ሲደብቁ፣ አልጋቸውን ከብበን ስለ አየሩ ጠባይ እናወራ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሌሎቹ ጠያቂዎች ወጥተው ብቻችንን ስንቀር፣ ከትራሳቸው ሥር በረኛውን አውጥተው እጄ ላይ አኖሩት።

«በማን ልለውጥዎት፣ ጋሼ?»

«በማንም። ያዘው።»

ገለበጥኩት። ከጀርባው በሰማያዊ እስክሪብቶ «ለወንድሜ ለዳዊት፣ ለማስታወሻ ይሁንህ። መስፍን» ተብሎ ተጽፎበታል። ወይ ጉድ! የተጻፈበት ካርድ በሰብሳቢ ዘንድ የተበላሸ ካርድ ነው፤ ማንም አይለውጥህም። ሐበሻ ደግሞ ከጀርባው ሳይጽፍ ፎቶ አይሰጥም። ጋሼ ያን ሁሉ ዘመን ስዊድን ኖረው ይህን አልተዉም። መጀመሪያ ለካርዱ አዘንኩ፤ ቀጥሎ ነው የገባኝ። ፎቶ ላይ «ለማስታወሻ» ብሎ የሚጽፍ መንገደኛ ነው።

ቀና ስል ፈገግ ብለዋል። «አሰልጣኙ በረኛውን አስወጣ» አሉኝ።

«ኧረ ገና ነው፣ ጋሼ! ጭማሪ ሰዓት አለ» አልኩ፣ እንደ ወጋችን ዋሽቼ።

«አዎ፣ አለ» አሉ እሳቸውም፣ እንደ ወጋችን። በረዶው ሳይቀልጥ ቀበርናቸው።

ካርዱን መስታወት ውስጥ አስገብቼ ሳሎን ሰቀልኩት፤ በረኛው ወደ ሰው፣ የጋሼ ጽሑፍ ወደ ግድግዳ። የስዊድን የበጋ ፀሐይ ቤቷ የምትገባበትን ሰዓት አታውቅም፤ ከዓመት ዓመት ስታገኘው የበረኛውን ፊርማ አደብዝዛ አደብዝዛ አጠፋችው። ያ ሁሉ ልመናዬ ለዚያች ፊርማ ነበር። አወረድኩት፣ ገለበጥኩት፣ ፀሐይ የማይደርስበት ኮሪደር ላይ መልሼ ሰቀልኩት። ዛሬ እንግዳ የሚያየው የጋሼን የእጅ ጽሑፍ ነው፤ ከኋላው በረኛ መቆሙን የሚያውቅ የለም። በጣም ይናፍቁኛል።

ባለቤቴ በዚያ ስታልፍ ቆም ብላ ታነበዋለች፤ ተረቷን ግን ትታዋለች። ወረቀትስ ለካ ይለቃል። የማይለቀው ሞኙ ነው።