ለፕላንክተን የተያዘ የጸሎት ርዕስ

አይቶት ለማያውቀው ነገር ሐዘን የሚቀመጥ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኛ ዲላ ውስጥ አንድ አለን፤ የባዮሎጂ መምህሩ ጋሽ ታደሰ። ባሕር አይተው አያውቁም። ካዩት ውኃ ሁሉ ትልቁ አባያ ሐይቅ ነው፤ እሱንም በአውቶብስ መስኮት።

ታዲያ አንድ እሑድ በቤተ ክርስቲያናችን፣ እንደ ልማዳችን የጸሎት ርዕስ ሲጠየቅ፣ አንዱ የልጁን ፈተና፣ ሌላዋ ለቡናዋ ዝናብ አስያዙ። ጋሽ ታደሰ ተነሡና፣ “ለፕላንክተን ጸልዩልኝ” አሉ። “ባሕር ላይ የሚንሳፈፉ ደቃቅ ፍጥረታት ናቸው። ከምንተነፍሰው ኦክስጅን ግማሽ ያህሉን የሚያዘጋጁልን እነሱ ናቸው። አሁን እየቀነሱ ነው ይባላል።”

“ምን አገኛቸው?” አሉ ከፊት የተቀመጡት እማማ ብርቄ፣ ጎረቤት የታመመ ያህል ደንግጠው።

“ባሕሩ ሞቆባቸው ነው የሚል አለ። ከወንዝ የሚወርደው ቆሻሻ ነው የሚልም አለ። እርግጡ ገና አልታወቀም።”

እኔ ከት ብዬ ሳቅሁ። አስም ያለበት ሰው እንዲህ ይስቃል? ትንፋሼ ቁርጥ አለ! ደግፈው ደጅ ያወጡኝ እኒያው የሳቅሁባቸው ጋሽ ታደሰ ናቸው። ጀርባዬን ሲያሻሹኝ ቆይተው ትንፋሼ ሲመለስ፣ እማማ ብርቄ ጠጋ አሉ።

“መምህር፣ ይህ ሰው አሁን የሳበው አየር ውስጥ የእነዚያ ፍጥረታት ሥራ አለበት?”

“አለበት እንጂ።”

“እንግዲያው ልመናው ይቆየን። ይህን ሁሉ ዘመን ሲሠሩልን አንድ ቀን አመስግነናል?”

ጉባኤው ቆሞ አመሰገነ፤ ከሁሉ ድምፄ የጎላው እኔ ነበርሁ። ጋሽ ታደሰ ባሕር አላዩም ብዬ አምቼ ነበር። ባሕሩ ግን እኔን ሳያየኝ ሲተነፍስልኝ ኖሯል።