ምንም የማይፈልጉት ጋሼ

በየቤተሰቡ ምንም የማይፈልግ አንድ ሰው አይጠፋም። እግዜር ከእሱ ይሰውራችሁ። ግማሹን ስጡኝ የሚል ሰው ልኩ ይታወቃል፤ ግማሹን ይሰጡታል፣ ይገላገሉታል። ሁሉም የኔ ነው የሚለውም ቢሆን ሁሉም ሲያልቅ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ምንም አልፈልግም ባዩ ግን ማቆሚያ የለውም። ከምንም ላይ ምን ያህል ተቆርሶ ይሰጠዋል? ምን ሲሞላለትስ በቃኝ ይላል?

የመጋረጃ ሰፊዋ ባል ሲሞት እንዲህ ያለ ሰው በቤተሰቧ ውስጥ ነበራት። ክቡርነታቸው የሟች የበኩር ልጅ ናቸው፤ ከመጀመሪያዋ፣ ቀደም ብላ ካረፈችው ሚስት የተወለዱ። ሃምሳ ዓመታቸው ነው። ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው ይቆልፋሉ፤ ከደረት ኪሳቸው ሦስት እስክሪብቶ አይጠፋም። የቀለም ፋብሪካ መጋዘን ኃላፊ ሲሆኑ፣ እሳቸው ካልፈረሙ አንዲት ቆርቆሮ ቀለም ከበር አትወጣም። ሳያነቡ አይፈርሙም፤ ካነበቡ በኋላም «ነገ ተመለስ» ይላሉ።

መጋረጃ ሰፊዋ እንጀራ እናታቸው ብትሆንም የምትበልጣቸው በስምንት ዓመት ብቻ ነው። እናቴ ማለት አፍረው «እትዬ» ይሏታል። እሷም ልጇ «ጋሼ» ስለምትላቸው፣ አብራ «ጋሼ» ትላቸዋለች። ሃያ ስምንት ዓመት እንዲህ አንቱ ተባብለው ኖሩ፤ አንድም ቀን ክፉ ቃል ሳይለዋወጡ፣ አንድም ቀን ሳይወዳደዱ።

ከቀብሩ በኋላ ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ ሳለ፣ ጋሼ መሐል ክፍሉ ላይ ቆመው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እኔ በበኩሌ ምንም አልፈልግም። ሁሉም ሰው ይስማልኝ።»

ሁሉም ሰው ሰማ። ማታ ሲወጡ የግድግዳውን ሰዓት በብብታቸው ይዘው ወጡ። «ለማስታወሻ ያህል ነው» አሉ።

በሳምንቱ ደግሞ ምንም ሳይፈልጉ መጡ። የአባታቸውን ጥቁር ጫማ ወሰዱ። ጫማው ለእሳቸው ሁለት ቁጥር ይጠብባቸዋል። «ላደርገው እኮ አይደለም፤ ሜዳ ላይ ወድቆ እንዳይቀር ብዬ ነው።» ጫማው የነበረው በካርቶኑ ውስጥ ነው፤ ካርቶኑ ደግሞ ቁም ሳጥኑ ውስጥ፣ ቁም ሳጥኑም በቁልፍ።

በሦስተኛው ሳምንት ፍሪጁ ፊት ቆመው ራሳቸውን ወዘወዙ።

«እትዬ፣ ይሄ ነገር አባዬን ያስታውስዎታል። በሩን በከፈቱ ቁጥር ሐዘኑ ይነሳብዎታል። ለጤናዎ ጥሩ አይደለም።»

«ኧረ ጋሼ፣ እኔ በሩን ስከፍት ትዝ የሚለኝ ወተቱ ነው።»

«አሁን ነዋ! ሐዘን ቀስ ብሎ ነው ሰው ላይ የሚወጣው።»

ፍሪጁ በሁለት ተሸካሚዎች ትከሻ ደረጃውን ወረደ። ወተቱን ግን በእጃቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩላት። ምንም የማይፈልጉ ሰው ናቸዋ።

«እማዬ» አለች ልጇ ባዶውን ጥግ እያየች፣ «ጋሼ የሆነ ነገር ቢፈልጉ ኖሮ እኮ ግድግዳው ራሱ አይተርፈንም ነበር።»

የጋሼ ታናሽ እህት እንኳ ሌላ ፍጥረት ናት። ፀጉር ቤት አላት፤ ነገሯም እንደ መቀሷ ነው። በሩን ገፍታ ገብታ «ግማሹ የእኔና የወንድሜ ነው» ትላለች፤ ቁጭ ትላለች፤ ሻይዋን ጠጥታ ትሄዳለች። መጋረጃ ሰፊዋ እሷን ፈርታ አታውቅም። ግማሽ ማለት ግማሽ ነው። እንቅልፍ የሚነሳት የጋሼ ምንም ነው።

የምትፈራበትም ምክንያት ነበራት። ሟች አርባ ዓመት የከተማ አውቶቡስ የነዱ ሾፌር ነበሩ። መሥሪያ ቤታቸው የሕይወት መድን ገብቶላቸው ስለነበር፣ ከሞቱ በኋላ የሚከፈል ገንዘብ ነበረ። መጋረጃ ሰፊዋ የምትኖርበት ቤት ደግሞ የቤት ማኅበር ቤት ነው፤ የመጨረሻው ክፍያ ይቀረዋል። ማኅበሩ ደብዳቤ ጽፏል፦ እስከ ወሩ መጨረሻ ካልተከፈለ ቤቱ ተራ ለሚጠብቅ ሰው ይሰጣል። ደብዳቤውን በስፌት መኪናዋ መሳቢያ ውስጥ፣ ከክሮቹ በታች ነው ያኖረችው። የመድኑ ገንዘብ ለእሷ ከደረሰ ቤቱ ይተርፋል፤ ካልደረሰ መጋረጃ የምትሰቅልበት መስኮት እንኳ አይኖራትም።

ይህን ለጋሼ ነገረቻቸው። ትከሻዋን መታ መታ አደረጉና «አይዞዎት እትዬ፣ እኔ ምንም አልፈልግም» አሏት። ያን ሌሊት ዓይኗን ሳትከድን አደረች።

የመድን መሥሪያ ቤቱ ጉዳይ በመስኮት አራት ነበር። ከመስተዋቱ ኋላ መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ለጡረታ ጥቂት የቀራት ጸሐፊ ተቀምጣለች። ሰው ሲያለቅስም፣ ሲሳደብም፣ ሲምልም ፊቷ አይለወጥም። በመጀመሪያው ቀን ጋሼ ክርናቸውን መስኮቱ ላይ አስደግፈው፣ ወረፋ ለያዘው ሁሉ በሚሰማ ድምፅ እንዲህ አሉ፦

«ይመዝገብልኝ! እኔ በግሌ ምንም አልፈልግም። የመጣሁት ለመርህ ነው።»

«ለመርህ ቅጽ የለንም» አለች ጸሐፊዋ። «የሞት ምስክር ወረቀት ይዘዋል?»

በሁለተኛው ቀን ለጥበቃው ነገሩት፤ በመመለሻቸው ለማያውቁት ታክሲ ነጂ ነገሩት። ከኋላ ወንበር ላይ እህትየውና መጋረጃ ሰፊዋ ይሟገታሉ።

«አባታችን አሥራ ሁለት ዓመት መሪ የጨበጠው አንቺ ሳትመጪ ነው!»

«ሃያ ስምንቱንስ? ሸሚዙን ማን ተኩሶለት ነው የጨበጠው? እግሩ ሲያብጥ ውሃ ያሞቀለት ማን ነው?»

«ስለ እግሩ ማን ጠየቀሽ? ስለ መድኑ ነው የማወራው!»

«ሁለታችሁም አሳፋሪዎች ናችሁ» አሉ ጋሼ ከፊት ሆነው። «እኔን አትመለከቱኝም?»

በሦስተኛው ቀን መልሱ ደረሰ። ጸሐፊዋ መነጽሯን አደረገች፣ ሟች ከሦስት ዓመት በፊት በራሳቸው እጅ የሞሉትን ቅጽ ዘረጋች፣ እንደ አውቶቡስ ተራ ቁጥር በማይለዋወጥ ድምፅ አነበበች።

«ቀዳሚ ተጠቃሚ፦ የበኩር ልጄ፣ መቶ በመቶ። እሱ ከሌለ ወይም ካልተቀበለ፦ ባለቤቴ፣ መቶ በመቶ።»

ፀጉር ሠሪዋ ስሟ እንዳልተጠራ የገባት ዘግይቶ ነው፤ እንደገባት ግን የወንድሟን ክንድ ይዛ «ወንድም ጋሼ!» አለች። እስከዚያች ደቂቃ በስሙ ነበር የምትጠራው።

መጋረጃ ሰፊዋ ወለሉን አየች። ባሏ ለምን እንዲህ አደረገ? ልጁ ምንም አልፈልግም ሲል በዓለም ላይ ያመነው እሱ ብቻ ይሆን? ወይስ ቀልዶ ነው የሞተው? ነፍሱን ይማረውና፣ ተሳፋሪ ሲሰድበው አርባ ዓመት ሙሉ በመስተዋት ሲያይ የኖረ ሰው፣ የሚስቅና የማይስቅበት ጊዜ ተለይቶ አይታወቅም ነበር።

ጋሼ አፋቸውን ከፈቱ። «እኔ እንኳ... በበኩሌ... ምንም...» ቃሉ ከልማድ ብዛት በራሱ ወጣ እንጂ አላሉትም። መሐል ላይ ሊይዙት ሞከሩ።

«አውቃለሁ» አለች ጸሐፊዋ። መሳቢያዋን ሳበች። «ይመዝገብልኝ ብለው አልነበር? ከመጀመሪያው ቀን መዝግቤዋለሁ። ይኸው፣ ድርሻን የመተው ቅጽ። ሁሉንም ሞልቼዋለሁ፣ የቀረው ፊርማዎ ነው።»

ፊቷ ላይ ሳቅም ቁም ነገርም አልነበረም።

ጋሼ ወረቀቱን አነበቡት። ደግመው አነበቡት። ገለበጡት፤ ጀርባው ባዶ ነበር፤ ባዶውንም አነበቡት። «ነገ ብንመለስ...» ማለት ጀመሩ።

«አባቴ፣ ካልፈለጉ ይፈርሙና ተራችን ይድረስ!» አለ ከኋላ እጁ በፋሻ የተጠቀለለ ሰውዬ። «ሦስተኛ ቀኔ ነው እርስዎ አልፈልግም ሲሉ የምሰማው።»

«እንዳትፈርም!» አለች እህትየው። «ያበድክ እንደሆነ ንገረኝ! ለራስህ ባትፈልግ ለልጆችህስ?»

«መውሰድም ይችላሉ» አለች ጸሐፊዋ። «መብትዎ ነው።»

ጋሼ እስክሪብቶ አወጡ። መለሱ። ሌላውን አወጡ። ዞረው መጋረጃ ሰፊዋን አዩ፤ ልትለምናቸው የመጣች መስሏቸው ይሆናል። እሷ ግን የሰው ፊት ማየት የማትወድ ሴት ናት። ቤቱንም፣ ደብዳቤውንም፣ የወሩን መጨረሻም በአንድ ጊዜ ዋጠችና እንዲህ አለች፦

«ይውሰዱት ጋሼ። አባትዎ አስቦበት የጻፈው ነው፣ እኔ አላጠፋውም።»

«ምን?»

«ይውሰዱት። የእርስዎ ነው። በሞቴ ይውሰዱት።»

ጋሼ ባሉበት ቀሩ። ዓይናቸው ፈጠጠ። በጥፊ የተመታ ሰው እንዲህ ይሆናል፤ ሲጠብቀው የኖረው ባቡር ድንገት ፊቱ የቆመለት ሰውም እንዲህ ይሆናል።

«አልፈልግም አልኩ እኮ!» ብለው ጮኹ። ጥበቃው ሳይቀር ዞሮ አየ። «ሰው በአማርኛ ሲናገር አይሰማችሁም? አል-ፈል-ግም!»

ፈረሙ። ወረቀቱ ሊቀደድ እስኪደርስ ተጭነው ፈረሙ፤ ከዚያ ቀን ጻፉ፤ ማንም ሳይጠይቃቸው የመጋዘን ኃላፊ ብለው ማዕረጋቸውን ጨመሩ። እህትየው ጆሯቸው ሥር አንድ ቃል ተናግራ ወጣች፤ ቃሉ እዚህ አይጻፍም። ባለ ፋሻው ሰውዬ በጤነኛ እጁ ጭኑን እየመታ አጨበጨበ።

መጋረጃ ሰፊዋ ወደ ቤቷ ስትመለስ አንድ ነገር ትዝ አላት። አዲስ ሙሽራ ሆና እዚያ ቤት በገባችበት ሰሞን፣ ያን ጊዜ ጋሼ የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ ነበሩ፣ ምግብ ልትጨምርላቸው ስትል «በቃኝ» አሏት። እሷም የዋህ ናት፣ ሰው የሚለውን ታምናለች፤ ሳህኑን አነሳችው። ሳህኑን በዓይናቸው እስከ ጓዳ ሲከተሉት አይታለች። በማግስቱም አልጨመረችም፤ በቃኝ ብለዋል ብላ። እነሆ ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ በቃኝ ሲሉ አንድ ሰው እንኳ «ግድ የለም፣ ይጨምሩ» አላላቸውም። ታዲያ ፍሪጅ ተሸክመው ቢሄዱ ምን ይገርማል?

ገንዘቡ መጣ፣ ቤቱ ተረፈ። ከተረፈው ላይ ለሁለቱ የባሏ ልጆች ድርሻ ለየች። ፀጉር ሠሪዋ የደረሳትን በዚያው ቀን ተቀበለች፤ «ግማሽ አይሞላም» ብላ አጉረመረመች፣ ስማ ሄደች። ከሷ ጋር ነገር አጭር ነው። የጋሼን በስማቸው ባንክ አስገብታ፣ እሑድ ሲመጡ ደብተሩን አቀረበችላቸው።

«ምንድን ነው ይሄ? አልፈልግም።»

«በሞቴ ጋሼ።»

«አይሆንም።»

«በልጄ ሞት!»

«እትዬ፣ እንቢ አልኩ፣ እንቢ ነው!»

ደረጃውን ሲወርዱ ደረታቸው ተነፍቶ ነበር። ታች ቤት የሚኖረውን ጫማ ሰፊ አስቁመው ሲያወሩት በመስኮት ሰማቻቸው። «እግሬ ላይ ልትወድቅ ምን ቀራት! ለመነችኝ፣ ለመነችኝ፣ ንቅንቅ አላልኩም!»

በሚቀጥለው እሑድ ሳይጠሩ መጡ። ሻይ ጠጡ፣ ስለ ቀለም ዋጋ አወሩ፣ ከዚያ ደብተሩ የተቀመጠበትን የስፌት መኪናዋን መሳቢያ አዩ። ለመነቻቸው። እንቢ አሉ። ሁለት ብርጭቆ ሻይ ጨመሩ። እሑድ በመጣ ቁጥር እንዲህ ነው፤ ይኸው ዓመት ሊሞላው ነው።

«አንድ ቀን እሺ ቢሉሽስ?» ብላ ጠየቀቻት ልጇ።

«ይውሰዱታ። የራሳቸው አይደል?»

ባለፈው እሑድ ግን ዘገዩ። መጋረጃ ሰፊዋ አንድ ጠርዝ ሁለቴ አጣማ ሰፍታ ፈታች። ሁለቴ ወደ መስኮቱ ሄደች። በመጨረሻ ኮቴያቸው ደረጃው ላይ ተሰማ፤ ደብተሩን ከመሳቢያው አውጥታ እጇ ላይ ያዘችው። ጠበቅ አድርጋ ነበር የያዘችው። ለገንዘቡ ሳስታ አልነበረም፤ እሺ ያሉ ዕለት፣ በቀጣዩ እሑድ ምን ብለው ይመጣሉ?